ኮምፒውተር ሲቀየር የቆየው መዝገብ እንዳይጠፋ

አንድ አርሶ አደር የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከሆነ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል እንበል። በየዓመቱ የወሰደው የአፈር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ የከፈለው ዕዳ፣ የዕጣ ድርሻውና የትርፍ ክፍፍሉ ሁሉ በማኅበሩ ኮምፒውተር ውስጥ ተመዝግቧል። አንድ ቀን ድርሻውን ለማጣራት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄድ "ኮምፒውተሩ ተቀይሯል፤ የድሮው ፋይል በአዲሱ አልከፈት ብሏል፤ ሌላ ቀን ይመለሱ" የሚል መልስ ያገኛል። መዝገቡ አልተሰረቀም፤ አልተቃጠለምም። ነገር ግን የሚያነበው ጠፍቷል። ለባለ ድርሻው ከጠፋ መዝገብ ብዙም የሚለየው ነገር የለም።

ይህ ዓይነቱ ችግር በከተማም እንግዳ አይደለም። ለዓመታት የተቀመጠ የውል ሰነድ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ በአዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት አማርኛው ትርጉም ወደሌለው የላቲን ምልክት ተለውጦ ይገኛል። የነጋዴው የሽያጭ ፕሮግራም አልነሣም ይላል። ትናንት ሲያትም የነበረው ፕሪንተር ዛሬ ትእዛዝ አይቀበልም። የእነዚህ ሁሉ መነሻ ተመሳሳይ ነው። የኮምፒውተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛ ስርዓተ ክወና የሚባለው፣ ሲለወጥ በአሮጌው ላይ ይሠራ የነበረው ሁሉ ያለ ዝግጅት አብሮ ይሻገራል ተብሎ ይታሰባል። አብሮ የማይሻገረው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ግን መዝገቡን ሳያጣ ኮምፒውተሩን መለወጥ ይችላል።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን አንገብጋቢ ሆነ?

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ከጥቅምት 04/2018 ዓ.ም ጀምሮ አቁሟል። ከዚህ ቀደምም ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠው ድጋፍ መጋቢት 30/2006 ዓ.ም፣ ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠው ደግሞ ጥር 05/2012 ዓ.ም ተቋርጦ ነበር።

ድጋፍ ተቋረጠ ማለት ኮምፒውተሩ በዚያው ቀን መሥራት ያቆማል ማለት አይደለም። እንደ ወትሮው ይነሣል፤ ይጽፋል፤ ያትማል። ልዩነቱ ከዚያ ቀን በኋላ በስርዓቱ ላይ የሚገኝን ቀዳዳ የሚደፍን አለመኖሩ ነው። አጥሩ ቆሞ ይታያል፤ ነገር ግን ሲቀደድ የሚጠግነው የለም።

ይህ ስጋት በተግባር የታየው ግንቦት 04/2009 ዓ.ም ነው። በዚያ ቀን ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ መሠራጨት ጀመረ። ከ150 በላይ በሚሆኑ ሀገራት የሚገኙ ኮምፒውተሮችን እያጠቃ ፋይሎችን ቆለፈ፤ ለመክፈቻውም ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ ሀገር ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወራት ያህል ቀደም ብሎ ድጋፋቸው ላልተቋረጠ ስርዓቶች አውጥቶ ነበር። የተጎዱት በአመዛኙ ማሻሻያውን ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ናቸው። በሀገራችን ብዙ ኮምፒውተሮች ሕጋዊ ፈቃድ በሌለው ቅጂ የሚሠሩ በመሆናቸውና ማሻሻያ እንዳይቀበሉ ተደርገው የሚጫኑም ስላሉ ይህ ታሪክ ለእኛም ትምህርት አለው።

ታዲያ ሁሉም ወደ ዊንዶውስ 11 ቢሻገር አይሻልም? ችግሩ አዲሱ ስርዓት የሚጠይቀው መሥፈርት ከፍ ያለ መሆኑ ነው። ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት የማከማቻ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። እነዚህ ለገበያ መቅረብ የጀመሩት እ.ኤ.አ በ2017 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ኮምፒውተር ጥሩ እየሠራ እንኳን መሥፈርቱን ላያሟላ ይችላል። በዚህም ምክንያት ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ግለሰቦች ኮምፒውተር መቀየር፣ ስርዓት መለወጥ ወይም ባለበት መቆየት ከሚሉት አንዱን ለመምረጥ ተገድደዋል።

በአሮጌው ይሠራ የነበረው በአዲሱ ለምን እንቢ ይላል?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም በኮምፒውተሩ አካልና በምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች መካከል የሚቆም አገናኝ ነው። የሒሳብ ፕሮግራም ፋይል መክፈት ወይም ማተም ሲፈልግ ሥራውን በቀጥታ አይሠራም፤ ስርዓቱን ይጠይቃል። የሚጠይቅበትም መንገድ ለዚያ ስርዓት ብቻ የተበጀ ነው።

ከእርሻ ምሳሌ ብንወስድ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ቀንበር የሚጠረበው በበሬ ሻኛ ፊት እንዲያርፍ ተደርጎ ነው። አራሹ በበሬ ፋንታ በፈረስ ለማረስ ቢነሣ ፈረሱ ጉልበት አያንሰውም፤ ቀንበሩም አልተሰበረም፤ ሁለቱ ግን አይገጥሙም። ወይ ሌላ ቀንበር ይፈለጋል፤ ወይ ሁለቱን የሚያስማማ ነገር ይበጃል። ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ በቀጥታ የማይሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። በጎተራ የገባው እህል ግን በበሬም ይታረስ በፈረስ ያው እህል ነው። በኮምፒውተር ውስጥ እህሉ ፋይሉ፣ ማለትም መዝገቡ ነው።

በዚያው በዊንዶውስ ቤተሰብ ውስጥ እንኳን የዕድሜ ልዩነት አለመግባባት ይፈጥራል። የጥንቶቹ ፕሮግራሞች ባለ 16 ቢት፣ ቀጥለው የመጡት ባለ 32 ቢት፣ የዛሬዎቹ በአመዛኙ ባለ 64 ቢት ናቸው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የ32ቱን ይቀበላል፤ የ16ቱን ግን አይቀበልም። ዊንዶውስ 10 በባለ 32 ቢት ቅጂም ይገኝ ስለነበር ያረጁ ፕሮግራሞችን ማስነሣት የሚችሉ ኮምፒውተሮች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነበሩ። ዊንዶውስ 11 ግን በባለ 64 ቢት ብቻ የሚዘጋጅ ነው። ስለዚህ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያስቆጠረ ፕሮግራም የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ከዊንዶውስ ወደ ዊንዶውስ ሲሻገርም ሊቸገር ይችላል። አፕል ኩባንያም እ.ኤ.አ በ2019 ባወጣው የማክ ስርዓት ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች እንዳይሠሩ አድርጓል።

ሁለተኛው የችግር ምንጭ ድራይቨር ነው። ድራይቨር ፕሪንተርን፣ ስካነርንና ሌሎች መሣሪያዎችን ከስርዓቱ ጋር የሚያግባባ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። አምራቹ ለአዲሱ ስርዓት የሚሆን ድራይቨር ካላዘጋጀ መሣሪያው ደኅና ሆኖ ሳለ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ሦስተኛው የፋይሉ አቀማመጥ ነው። ፒዲኤፍና የወርድ ሰነድ በብዙ ፕሮግራሞች ይከፈታሉ። ቀድሞ ፒችትሪ በሚል ስም የሚታወቀውንና ዛሬ ሴጅ 50 የተባለውን የመሰሉ የሒሳብ ፕሮግራሞች ግን መረጃውን የሚያስቀምጡት በራሳቸው መንገድ ነው። ፕሮግራሙ ካልተነሣ ፋይሉን በሌላ መክፈት አዳጋች ነው።

የአማርኛው ሰነድ የራሱ ጣጣ አለው

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አራተኛ ችግር ይጨመራል፤ እርሱም የፊደል ነው። ቀድሞ በነበረው አሠራር አንድ ፎንት መያዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክቶችን ሲሆን ከእነርሱም ብዙዎቹ ለኮምፒውተሩ የውስጥ ትእዛዝ የተያዙ ነበሩ። ከሀ እስከ ፐ ያሉት ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባቱ ድምፆች ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ፣ ሥርዓተ ነጥቦቹና የግእዝ ቁጥሮቹ ሲጨመሩ በአንድ ፎንት የሚበቃ ቦታ አልነበረም።

እንደ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ ያሉ ፕሮግራሞች ይህን ችግር በዘዴ ተሻግረውት ለዓመታት ሀገርን አገልግለዋል። ዘዴው የአማርኛውን ቅርጽ ለላቲን ፊደል በተመደበው ቁጥር ላይ ማስቀመጥና ፊደላቱን በተለያዩ ፎንቶች ማከፋፈል ነበር። በዚህ አሠራር ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሰነዱ ሲከፈት ያ ስውር ላቲን ይገለጣል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ አምራች ፊደላቱን በራሱ ቅደም ተከተል ስለደረደረ የአንዱ ፎንት የሌላውን ጽሑፍ አያነብም።

መፍትሔው የመጣው በዩኒኮድ ነው። የዓለምን ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ይህ ደንብ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ ወዲህ "ሀ" የራሱ ቁጥር 4608፣ "ለ" ደግሞ 4616 አለው። ቁጥሩ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በእጅ ስልክም አንድ ነው። እ.ኤ.አ በ2007 መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያን ይዞ መጣ። በዊንዶውስ 10 ኒያላ እንደ ተጨማሪ አማራጭ የሚጫን ሆኗል። ስለዚህ በኒያላ የተጻፈ ሰነድ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልኩ ቢለወጥ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ የተለወጠው የፊደሉ ቅርጽና የገጹ አሰላለፍ እንጂ ጽሑፉ አይደለም።

አንድ ሰነድ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ከሰነዱ አንድ መስመር ቀድቶ በቴሌግራም ወደ እጅ ስልክ መላክ ነው። ስልኩ ላይ በአማርኛ ከተነበበ ሰነዱ በዩኒኮድ የተጻፈ ነው፤ የትም ቢሄድ ይነበባል። የላቲን ምልክት ሆኖ ከመጣ ግን በአሮጌው አሠራር የተጻፈ ስለሆነ መለወጥ ይኖርበታል።

መለወጡ የሚቀለው አሮጌው ኮምፒውተር ሳይነካ፣ ፎንቱም በቦታው እያለ ነው። የአሮጌ ፎንት ጽሑፍን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከተቀየረ በኋላ ግን ዋናውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከር ያስፈልጋል። በተለይ ቁጥሮች፣ ሥርዓተ ነጥቦችና እንደ "ሏ" እና "ቷ" ያሉ ዲቃላ ፊደላት በሌላ ፎንት ውስጥ ይቀመጡ ስለነበር ስሕተት የሚበዛው በእነርሱ ላይ ነው። በውል ሰነድ ላይ የአንዲት አኀዝ መሳሳት ምን እንደሚያስከትል ለማንም ግልጽ ነው። ጊዜ ካጠረ ደግሞ ሰነዱን በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ መሄድ ስለሚችል መልኩ እንዳለ ይነበባል። ጉድለቱ ጽሑፉን ለማረምና ለመፈለግ የማይመች መሆኑ ነው።

ምን ምን አማራጮች አሉ?

የመጀመሪያው አማራጭ ኮምፒውተሩ መሥፈርቱን የሚያሟላ ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ነው። በዊንዶውስ 10 ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በዚህም ይሠራሉ። አልነሣም የሚል አሮጌ ፕሮግራም ሲያጋጥም በፕሮግራሙ ምልክት ላይ የቀኙን የማውስ ቁልፍ ተጭኖ፣ ፕሮፐርቲስ ከሚለው ውስጥ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን ክፍል በመክፈት ስርዓቱ እንደ ቀድሞው እንዲያስተናግደው ማዘዝ ይቻላል። ይህ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ሁለተኛው በዊንዶውስ 10 ላይ ጊዜ መግዛት ነው። ማይክሮሶፍት ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 03/2019 ዓ.ም አቅርቧል። ይህም በ30 የአሜሪካ ዶላር ወይም የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር በማመሳሰል የሚገኝ ነው። ለድርጅቶች ግን ዋጋው በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ በእጥፍ ያድጋል፤ የሚቆየውም ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው። ይህ አማራጭ ለመዘጋጃ የሚሆን ጊዜ ይሰጣል እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም።

ሦስተኛው ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ያለ ክፍያ የሚገኝ ስርዓት ሲሆን ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት በስፋት ከሚታወቁት ዓይነቶቹ ውስጥ ናቸው። ሊኑክስ ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋ ባይት ራም ይበቃዋል፤ 4 ቢሆን ይመረጣል። ስለዚህ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ብዙ ኮምፒውተሮች በእርሱ ዳግም ያገለግላሉ። በአማርኛ መጻፍና ማንበብም ይቻልበታል። የወርድና የኤክሴል ሰነዶችን ሊብሬ ኦፊስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም መክፈት ይቻላል፤ ሆኖም የገጽ አሰላለፍ ሊዛነፍና በኤክሴል ውስጥ የተጻፉ ማክሮዎች ላይሠሩ ይችላሉ።

ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራምን በሊኑክስ ላይ ለማስነሣት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ወይን የተባለው ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ ከ1993 ጀምሮ እየተሠራ ያለው ይህ ፕሮግራም በሁለቱ መካከል እንደ አስተርጓሚ ይቆማል። ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ቋንቋ የጠየቀውን ሊኑክስ በሚገባው ቋንቋ መልሶ ያቀርባል። ቀላል ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ይሠራሉ፤ የራሳቸው የመረጃ ቋት ያላቸው የሒሳብ ፕሮግራሞች ግን ሊያስቸግሩ ይችላሉ። ሁለተኛው ቨርቹዋል ማሽን ነው። ይህም በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ አድርጎ አሮጌውን ዊንዶውስ በአዲሱ ስርዓት ውስጥ ማኖር ነው። ፕሮግራሙ የለመደውን ቤት ስለሚያገኝ በአብዛኛው ያለ ችግር ይሠራል። በአንጻሩ ተጨማሪ ራምና ለዊንዶውሱ ሕጋዊ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በውስጡ ያለውም አሮጌ ስርዓት ስለሆነ ከኢንተርኔት ማለያየት ይገባል። በዶስ ዘመን ለተሠሩ ፕሮግራሞች ደግሞ ዶስቦክስ የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ።

አራተኛው አማራጭ ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ግን ለአነስተኛ ጽሕፈት ቤት ጠቃሚ የሆነው ነው። አሮጌውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ለይቶ፣ ለአሮጌው ፕሮግራም ብቻ ማቆየትና ለሌላው ሥራ ሁሉ አዲሱን መጠቀም ነው። ይህን የመረጠ ሰው ሁለት ነገሮችን መርሳት የለበትም። ቫይረስ በፍላሽም ይገባል፤ ያረጀ ሃርድ ዲስክም ሳይታሰብ ይሞታል። የመጠባበቂያ ቅጂ ከሌለ ይህ አማራጭ ችግሩን ለነገ ከማሳደር አያልፍም።

ከሌሎች ልምድ ምን እንማራለን?

በጀርመን የምትገኘው የሙኒክ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ2003 የአስተዳደሩን ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ለመለወጥ ወሰነ። ሥራው አሥር ዓመት ገደማ ወስዶ 15 ሺህ ያህል ኮምፒውተሮች ተሻገሩ። ይሁን እንጂ ለተወሰኑ የአስተዳደር ሥራዎች የተበጁና በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞች እንዲሁም ከሌሎች ጋር የሚደረገው የሰነድ ልውውጥ ክርክር ሲያስነሡ ቆዩ። ምክር ቤቱም እ.ኤ.አ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ለውሳኔው የአስተዳደርና የፖለቲካ ምክንያቶችም ይጠቀሳሉ።

በሌላ በኩል የፈረንሳይ ብሔራዊ ዣንዳርመሪ፣ ማለትም በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ጸጥታ የሚያስከብረው ኃይል፣ የተከተለው መንገድ ለየት ያለ ነበር። በመጀመሪያ ስርዓቱን ሳይነካ በዊንዶውስ ላይ እያለ የሚገለገልባቸውን ፕሮግራሞች ለወጠ። እ.ኤ.አ በ2005 ኦፕን ኦፊስን፣ ቀጥሎም ፋየርፎክስንና ተንደርበርድን አስገባ። እነዚህ ፕሮግራሞች በሁለቱም ስርዓቶች ላይ ይሠራሉ። ሠራተኞቹ ከለመዷቸው በኋላ እ.ኤ.አ በ2008 ከሥር ያለውን ስርዓት ወደ ኡቡንቱ ማሻገር ተጀመረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች የተሻገሩት በዚህ አካሄድ ነው። ሠራተኛው በየቀኑ የሚከፍተው ፕሮግራም ስላልተለወጠ ለውጡ አልከበደውም።

ይህ አካሄድ አንድ ኮምፒውተር ላለው ሱቅም ሆነ አምስት ላሉት ጽሕፈት ቤት ይሠራል። ዊንዶውስ ሳይለቅ ሊብሬ ኦፊስን ዛሬ ጭኖ መሞከር፣ የትኛው ሰነድ እንደሚዛነፍ ማየትና ማስተካከል ይቻላል። ስርዓቱን የመለወጡ ውሳኔ ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ከመለወጥ በፊት ምን ይደረግ?

አበው "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ" እንዲሉ ጥንቃቄው የሚጠቅመው አሮጌው ኮምፒውተር ገና እየሠራ ሳለ ነው።

አንደኛ፣ በኮምፒውተሩ ላይ በእርግጥ የምንጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች፣ እትማቸውንና የሚያስቀምጡትን የፋይል ዓይነት በወረቀት ላይ መመዝገብ ነው። ፕሪንተርና ስካነርም ከነሞዴላቸው ይመዝገቡ። የፕሮግራሙ መጫኛና የፈቃድ ቁጥሩ የት እንዳለም ይጣራ።

ሁለተኛ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዶክመንትስ የተባለውን ማኅደርና በዴስክቶፕ ላይ የሚታየውን ብቻ ቀድተው ሁሉን የያዙ ይመስላቸዋል። የሒሳብ ፕሮግራሞች ግን ብዙውን ጊዜ መረጃውን የሚያስቀምጡት በሲ ድራይቭ ውስጥ ባለው የራሳቸው ማኅደር ነው። ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ ባካፕ የሚለውን ትእዛዝ መጠቀም ይገባል። ከዚህ በተጨማሪ ዋና ዋናዎቹን የሒሳብ ሪፖርቶች፣ የአባላት ዝርዝርና የእያንዳንዱን ቀሪ ሒሳብ ወደ ኤክሴል አውጥቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ለዘለዓለም ባይነሣ እንኳን ያ ሰንጠረዥ በየትኛውም ስርዓት ይነበባል። አሮጌ የአማርኛ ፎንቶችም አብረው ይቀዱ።

ሦስተኛ፣ ቅጂው ሁለት ይሁን፤ በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ላይ ይቀመጥ፤ አንዱም ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ይኑር። ተቀድቷል ተብሎ ብቻ አይታመን፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይታይ።

አራተኛ፣ ፎርማት የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንያዝ። በየከተማው ኮምፒውተር ሲያስቸግር "ፎርማት ይደረግ" ማለት ተለምዷል። ፎርማት ማድረግ ግን በዲስኩ ክፍል ላይ ያለውን መዝገብ ሁሉ ማጥፋት ነው። ለጥገና ከመስጠት በፊት ቅጂው በእጃችን መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ለባለሙያውም የሚቀረውንና የሚጠፋውን በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ሊኑክስን ለመሞከር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ከፍላሽ ያስነሣው። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ዲስኩ ላይ ሳይጫኑ ከፍላሽ መነሣት ስለሚችሉ ፕሪንተሩና ዋይፋዩ መሥራታቸውን፣ አማርኛው በትክክል መታየቱን አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ካልተስማማ ፍላሹን ነቅሎ ወደ ነበረበት መመለስ ነው።

ስድስተኛ፣ ጊዜውን መምረጥ ነው። ማዳበሪያ በሚሠራጭበት ወቅት ወይም ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሒሳብ ሊዘጋ ሲል ስርዓት መለወጥ ችግር መጥራት ነው። ሒሳቡ ተዘግቶና ተመሳክሮ ካበቃ በኋላ ግን የመዝጊያው ቀሪ ሒሳብ በአዲሱ ፕሮግራም መነሻ ሆኖ ሊገባ ይችላል። ለአንድና ለሁለት ወር አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን እያሠሩ ድምራቸውን ማነጻጸርም ተገቢ ነው። ድምሩ እኩል እስኪመጣ ድረስ አሮጌውን ማጥፋት አይገባም።

የባለ መዝገቡ ድርሻ

ኮምፒውተር የማይነካ አርሶ አደርም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። ማዳበሪያ የወሰደበትንና ዕዳ የከፈለበትን ደረሰኝ በደረቅ ቦታ ማኖር የመጀመሪያው ነው። በዓመቱ መጨረሻ የራሱን ድርሻና ቀሪ ዕዳ የሚያሳይ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከማኅበሩ መጠየቅም ይችላል። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ደግሞ "የመዝገባችን ቅጂ ስንት ነው? የት ተቀምጧል? ለመጨረሻ ጊዜ ተከፍቶ የታየው መቼ ነው?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ለማንሣት የኮምፒውተር ዕውቀት አያስፈልግም።

ለጥያቄዎቹ በቂ መልስ ያለው ማኅበር ዊንዶውስ 11ንም ሆነ ሊኑክስን ቢመርጥ ወይም አሮጌውን ኮምፒውተር ቢያቆይ የአባላቱ ሒሳብ አይጠፋበትም። በቂ መልስ የሌለው ግን ስርዓቱን ባይለውጥ እንኳን አንድ ሃርድ ዲስክ በተበላሸ ዕለት ከዚሁ ችግር ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ስለ አዲስ ኮምፒውተር ግዢ ከመነጋገር በፊት በዚህ ሳምንት ውስጥ አንድ የመጠባበቂያ ቅጂ ወስዶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማየት የመጀመሪያው ሥራ ሊሆን ይገባል።